ስለ ሞተር ብስክሌት የፊት ሹካ ዘይት መፍሰስና ስለሚበጅበት ብልሃት

የሐረር ጁገል ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች እንዳሉት የታወቀ ነው። ከእነርሱም አንዱ በምሥራቅ በኩል ያለው ኤረር በር ሲሆን፣ የከተማው ተወላጆች በገዛ ቋንቋቸው አርጎብ በሪ ይሉታል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በታኅሣሥ ወር 1847 ዓ.ም. ወደ ከተማው የገባበት በር ይህ ነው ይባላል። ከበሩ ወጥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደረገ ሰው፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከሚጠጋው ከከተማው ከፍታ ተነሥቶ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ወዳለው ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል። ይህ ኤረር ውሃው ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚፈሰው ነው እንጂ፣ ከድሬ ዳዋ ወዲያ በምድር ባቡር መሥመር ላይ ያለው ኤረር አይደለም፤ ሁለቱን ስሞች የሚያደባልቅ ጸሐፊ ዘሩንም መድኃኒቱንም ወደማይፈለግበት አገር ይልካል።

በቀድሞው ዘመን በዚህ ቁልቁለት የሚወርድ ሹም በበቅሎ ይወርድ ነበር። ሎሌውም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የበቅሎይቱን ኮቴ አንሥቶ ያያል፤ ጉልበቷን በእጁ ይዳብሳል፤ ካነከሰችም ሌላ ትጫናለች እንጂ በእርሷ መንገድ አይጀመርም። ዛሬ ማሽላና ለውዝ ወደሚዘራበት፣ ከብትና ፍየል ወደሚረባበት ወደ ቆላው የሚወርደው የግብርና ባለሙያና የከብት ሐኪም፣ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው በሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ ቤንዚን እንዳለው ይጠየቃል፤ ጎማው ይታያል፤ ጉልበቱን የሚዳብስ ሰው ግን ከስንት አንድ ነው።

የሞተር ብስክሌት ጉልበት የፊት ሹካው ነው። ሹካው ሁለት እግሮች አሉት፤ እያንዳንዱም እግር በክሮም የተለበጠ የብረት ዘንግና ዘንጉ ገብቶ የሚወጣበት የታችኛው ቱቦ ነው። በውስጡ ረጅም ሞላና ዘይት አለ። ሞላው ድንጋይ ሲመታው ይሸሻል፤ ዘይቱ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እየተጨመቀ ሲያልፍ ሞላውን ያዘገየዋል፤ ዘይት ባይኖር መንኰራኵሩ እንደ ኳስ እየነጠረ መሬቱን ይለቅ ነበር። በዘይት የሚዘገይ ይህን ዐይነት ሹካ በመንገድ ሞተር ብስክሌት ላይ አድርጎ ለገበያ በማውጣት ስሙ የሚነሣው ቢኤምደብሊው የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ነው፤ ዘመኑም 1935 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የተሠራው ሞተር ብስክሌት አብዛኛው የዚሁ ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ዘይቱ በዘንጉና በቱቦው መካከል ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክለው ኦይል ሲል የተባለው የጎማ ቀለበት ነው፤ የጋራዥ ሰዎች ጎሚኒ ይሉታል። ወፍራም አይደለም፤ በጣት መካከል የሚያዝ ነገር ነው። ከንፈሩ በቀጭን ሽቦ ሞላ ታስሮ ዘንጉን ዘወትር እንደ ጨበጠ ይኖራል። የቆዳ ጥቅም ለሚያስቡ ሰዎች ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ ዛሬ ከሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራው ይህ ቀለበት መጀመሪያ ቆዳ ነበረ፤ ፍሮይደንበርግ የተባለው በጀርመን አገር በዋይንሃይም ያለ ቆዳ ፋቂ ድርጅት በ1929 እ.ኤ.አ. ለመኪና የሚሆን የዘይት መከልከያ ከቆዳ መሥራት ጀመረ፤ ወደ ጎማ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጎሚኒው ሲደክም የሚታየው ምልክት ቀላል ነው። ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ፣ የፊቱን ፍሬን ይዞ መሪውን አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች መጫን ነው፤ በዘንጉ ዙሪያ የዘይት ቀለበት ከቀረ ጎሚኒው አልጨበጠም ማለት ነው። አቧራ የተጣበቀበት ጥቁር ጭቃ ከቱቦው ወደ ታች ወርዶ ከታየ ግን ነገሩ የቆየ ነው። የደረሰበት ሰው፣ የሚንጠባጠበው ትንሽ ስለ ሆነ፣ እስከ ሌላ ወር ይቆይ ማለት ይቀናዋል፤ ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ምክንያቱም ከላይ የሚወርደው ዘይት የሚደርሰው ወደ መንኰራኵሩና ወደ ፍሬኑ ነው። በቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የሰውየውም የዕቃውም ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፤ ሞተሩን የሚያቆመውም ከኋላው ይልቅ የፊቱ ፍሬን ነው። የፍሬኑ ሸራ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ግን ባለሙያው እጀታውን ሲይዝ ሞተሩ አይሰማውም። በሜዳ ሲሄድ ያልታወቀው ጉድለት ከኤረር በር በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ይታወቃል።

ሌላም ጉዳት አለው። የከብት ክትባት አብዛኛው በበረዶ ሣጥን ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ የሚሄድ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ኀይሉ ይደክማል። ሐኪሙ በመንገድ ላይ ሞተሩ ተበላሽቶበት ግማሽ ቀን ቢቀመጥ፣ በረዶው ይቀልጣል፤ ሰው ከሩቅ ያመጣው ፍየልም ሳይከተብ ይመለሳል፤ በሁለተኛው ቀጠሮ የሚመጣው ሰው ከፊተኛው ያነሰ ነው። የዓለም መንግሥታት የከብት ደስታን በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር ጠፋ ብለው ካወጁ በኋላ፣ የበግና የፍየሉን ደስታ መሰል በሽታ ደግሞ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት አስበዋል። ይህ ታላቅ አሳብ በየወረዳው የሚፈጸመው መድኃኒቱ ሳይሞቅ ከመንጋው ሲደርስ ነው፤ መድረሱም በሞተሩ ጉልበት ነው።

ጎሚኒው የሚያፈስበትን ምክንያት ሳያውቁ ጎሚኒ ብቻ መለወጥ ከንቱ ድካም ነው። አዲስ ጎሚኒ ተገዝቶ ከገባ በኋላ በወሩ እንደ ገና ሲያፈስ፣ ብዙ ሰው ጎሚኒው ሐሰተኛ ነበረ ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው በዘንጉ ላይ ነው። በክረምት ከደጅ ያደረ ሞተር ዘንጉ ላይ ውሃ ይቀመጣል፤ ክሮሙም በትንሽ በትንሹ ይዝግና እንደ ፈንጣጣ ምልክት ይጐደጉዳል። ያ ጉድጓድ በከንፈሩ ሥር በሚያልፍበት ጊዜ ሁሉ ጎማውን እንደ ሞረድ ይልገዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ዘንጉን በጥፍር ከላይ እስከ ታች መዳበስ ያስፈልጋል፤ ጥፍር የሚይዝበት ስፍራ ካለ ጎሚኒውም ይይዝበታል። ዐይን የሚያልፈውን ጥፍር አያልፈውም።

ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነ፣ ቍጥሩ 1,000 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ልስልስ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት ተርሶ በዘንጉ ዙሪያ ይፈተጋል። ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ግን አይገባም፤ እንዲህ የተፋቀ ጭረት ለዘይቱ ቦይ ይሆነዋልና። ጥልቅ የሆነውን ጉድጓድ አንዳንድ ባለ እጆች ሁለት ዐይነቱ ተደባልቆ በሚጠነክር ሙጫ ሞልተው፣ ሲደርቅ ከዘንጉ ጋር እኩል ያደርጉታል፤ ይህም ለጊዜው ይበጃል። ዘንጉ በሰፊው የተበላ እንደ ሆነ ግን እንደ ገና በክሮም ማስለበጥ ወይም ሌላ መግዛት ነው። የተጣመመ ዘንግም እንዲሁ ነው፤ በመስተዋት ላይ ሲያንከባልሉት ብርሃን ከሥሩ እየታየ ከጠፋ ጠማማ ነው፤ ጠማማ ዘንግ ጎሚኒውን በአንድ ወገን እየገፋ ይበላዋል። በቱቦው ውስጥ ያለው ቡሺንግ የተባለው ቀለበት ያለቀ እንደ ሆነም ዘንጉ ይወዛወዛል፤ ይህ የሚታወቀው የፊቱን መንኰራኵር ከመሬት አንሥቶ የሹካውን ግርጌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመነቅነቅ ነው። በመሪው ኩሽኔታ ያለውን ልቅነት ከዚህ ጋር እንዳያደባልቁት ግን መጠንቀቅ ይገባል።

ዘንጉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ ሳይፈቱ የሚሞከር አንድ ቀላል ነገር አለ። ከላይ ያለው የአቧራ መከልከያ በጥንቃቄ በካቻቢቴ ይነሣል። ከውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጣት የሚያህል ቍራጭ ይቆረጥና ጫፉ እንደ መንጠቆ ይደረጋል፤ ከዘንጉ ጋር አስጠግተው በጎሚኒው ከንፈር ሥር ያገቡትና ዙሪያውን ይጠርጉታል። የቆላው ቀይ አቧራ ከዘይት ጋር ሆኖ ተለጥፎ ከሆነ በመንጠቆው ይወጣል። ብረት ወይም ምላጭ በፕላስቲኩ ፈንታ ማግባት ጎሚኒውን መግደል ነው። እንዲህ ከተጠረገ በኋላ ዘይቱ ከቆመ የሚፈታ ነገር የለም፤ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ካልቆመ ግን መፍታት ግድ ይሆናል። ሞተሩ ከሥሩ በጠንካራ ሣጥን ይደገፋል፤ ድንጋይ መደራረብ አይበጅም፤ ባለ እጁ ከሥሩ እጁን ያገባልና። መንኰራኵሩ፣ ፍሬኑና ፓራፋንጎው ይወጣሉ። እግሮቹ ገና ከመሪው ጋር ታስረው ሳሉ የላይኛው ክዳን በጥቂቱ መላላት አለበት፤ ከወጡ በኋላ የሚይዝ ስለማይገኝ ነው። ክዳኑ ከሥሩ በሞላ የተገፋ ስለ ሆነ፣ በመጨረሻው ጥርስ ላይ ፊትን ከላዩ አርቆ፣ በመዳፍ ተጭኖ መፍታት ይገባል። ዐይን ከጎሚኒ ይወደዳል።

ዘይቱ በዕቃ ይገለበጣል፤ ምን ያህል እንደ ወጣና መልኩ ምን እንደሚመስል መመልከት ይጠቅማል። እንደ ወተት የነጣ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር ካለበት ብረቱ እየተፋጨ ነው። ከዚህ በኋላ በቱቦው ግርጌ ያለው ቡሎን ይፈታል። በዚህ ስፍራ ብዙ ባለ እጆች ይቸገራሉ፤ ቡሎኑ ሲዞር የውስጡም ዘንግ አብሮ ይዞራልና። ብልሃቱ ሞላውን መልሶ አግብቶ፣ ክዳኑን አስሮ፣ እግሩን በኀይል ጨምቆ መፍታት ነው፤ የሞላው ግፊት የውስጡን ዘንግ እንዳይዞር ይይዘዋል። ከቡሎኑ ሥር ያለችው የመዳብ ራንዴላ እንዳትጠፋ፤ የተጨፈለቀችም እንደ ሆነ ትለወጥ። ከዚህች የሚያፈስ ሹካ ብዙ ጊዜ ጎሚኒው ነው ተብሎ በከንቱ ተፈትቷል።

ጎሚኒውን በቱቦው ውስጥ የሚይዘው ሽቦ በካቻቢቴ ጫፍ ይወጣል። ጎሚኒው ራሱ ከቱቦው ጋር ተጣብቆ የኖረ ስለ ሆነ በትዕግሥት ነው የሚነቀለው፤ በቱቦው አፍ ላይ እንጨት አስደግፎ በሰፊ ብረት ማንሣት ነው። ቱቦው አልሙኒየም ነው፤ በችኮላ የተቧጨረ አፍ አዲሱን ጎሚኒ አይቀበልም። ሁሉም በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ በቤንዚን ማጠብ፣ ይልቁንም ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ፣ የሚደገም ነገር አይደለም።

አዲሱ ጎሚኒ ሲገባ የሽቦ ሞላ ያለበት ወገኑ ወደ ዘይቱ፣ ማለት ወደ ታች ይሆናል። የተገለበጠ ጎሚኒ የገባበት ሹካ ገና ከጋራዡ ሳይወጣ ያፈሳል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ስስ ፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ በዘይት መቀባት ከንፈሩን ከስለት ያድነዋል። ወደ ቱቦው የሚመታው በመዶሻ በቀጥታ አይደለም፤ አሮጌው ጎሚኒ ከላዩ ይቀመጥና ልክ በሚሆን የብረት ቧንቧ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይወርዳል፤ የሽቦው ቦይ ሙሉ በሙሉ ሲታይ ደርሷል። የሚያፈሰው አንድ እግር ብቻ ቢሆንም የሁለቱም ይለወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ዘመን ያረጁ ናቸውና።

ስለ ዘይቱ የሚሠራው ስሕተት ከሁሉ ይበልጣል። የሹካ ዘይት በቍጥር የሚለይ ነው፤ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮች 10 ቍጥር ይስማማል። የአንዳንድ አሮጌ ሆንዳዎች መምሪያ መጽሐፍ የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት ይፈቅዳል። የፍሬን ዘይት ግን ጎማውን ያሳብጠዋል። ከሞተር የተገለበጠ አሮጌ ዘይት መጨመርም ብረት የሚፈጭ ቆሻሻን ጨምሮ ማግባት ነው። መጠኑ እንደ ሞተሩ ዐይነት ቢለያይም በትንሽ ሞተር ለአንድ እግር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ባለው ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ትክክለኛው በመጽሐፉ ተጽፏል፤ መጽሐፉም በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። መስፈሪያ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ትልቅ መርፌ ይበቃል። ይፈስ ነበርና ተጨማሪ ይኑረው ብሎ አትርፎ መሙላት ክፉ ነው፤ በዘይቱ በላይ ያለው አየር ስፍራ ያጣና ሹካው ሲጨመቅ ጎሚኒውን ከታች ገፍቶ ያፈነዳዋል። ሁለቱ እግሮች እኩል ካልሆኑም ሞተሩ በጉድጓድ ላይ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል።

ሲገጠም የመንኰራኵሩ ዘንግ መጨረሻ ከመጥበቁ በፊት ሞተሩን ከሣጥኑ አውርዶ መሪውን ጥቂት ጊዜ መጫን ይገባል፤ እግሮቹ በገዛ እጃቸው ትክክለኛ ስፍራቸውን ይይዛሉ። የፍሬኑ ሸራ ዘይት ከነካው በእሳት ማቃጠልና በአሸዋ መፈተግ የተለመደ ቢሆንም አይታመንም፤ የጠጣው ዘይት ሲሞቅ እንደ ገና ይወጣል፤ መለወጥ ነው። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ ለገጠር ሥራ የተሠሩ ሞተሮች ዘንጋቸው በተጣጠፈ የጎማ ከረጢት የተሸፈነ ነው፤ ከረጢቱ አቧራን ሲከለክል ደግ ነው፤ ተቀዶ ጭቃ ከያዘ ግን ዝገቱን ደብቆ የሚያሳድግ እርሱ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ተነሥቶ ይታይ።

ይህን ሁሉ በእጁ መሥራት የሹም ሥራ አይደለም፤ እንዲሠራ ማድረግ ግን የእርሱ ነው። በብዙ ግቢ ውስጥ በዛፍ ሥር ቆሞ የሚዝግ ሞተር ሲታይ፣ መጀመሪያ ያቆመው ነገር ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ዕቃ ነው። ለትንሹ ዕቃ የሚጻፈው ደብዳቤ ለትልቁ ከሚጻፈው አያንስም፤ ፊርማው ሲጠበቅ ክረምቱ ያልፋል፤ ዘንጉም ይበላል፤ በጎሚኒ ዋጋ ያልተሠራው በሹካ ዋጋ ይጠየቃል። ወረዳው ላሉት ሞተሮች ዐይነት ሁለት ሁለት ጥንድ ጎሚኒ፣ ጥቂት የመዳብ ራንዴላና አንድ ሁለት ሊትር የሹካ ዘይት አስቀድሞ ገዝቶ በመዝገብ ቢያስቀምጥ ወጪው ለአንድ ጉዞ ከሚወጣው ውሎ አበል አይርቅም። ጎሚኒው ከፀሐይና ከሙቀት የተጠበቀ ይሁን፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የከረመ ጎማ ሳይሠራበት ያረጃል።

ባለ እጁንም ማስታወስ ይገባል። ሐረር የእጅ ሥራ አገር ናት፤ ከፈረስ መጋላ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ እንኳ ከመኪናቸው ድምፅ የተነሣ መኪና ግርግር ተብሎ ይጠራል። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። ሞተሩን አሠርቶ ዋጋውን ለሦስት ወር ማዘግየት ስድብ ባይባልም፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ የሚገኘው ባለ እጅ ከፊተኛው የማይሻል መሆኑ የታወቀ ነው። በተረፈ የተገለበጠው ዘይት በጄሪካን ይጠራቀም፤ በበሩ አጠገብ በተደፋ ጊዜ ጎርፉ ይዞት የሚወርደው ባለሙያው ራሱ ወደሚያስተምርበት እርሻ ነው።

የተሠራው ሞተር ሲመለስ ተቀባዩ በዕለቱ አይፈርም። ባለሙያው ባዶውን፣ ዕቃ ሳይጭን፣ ከበሩ በታች ጥቂት ወርዶ ይመለስበታል፤ ሞተሩም ያድራል። በነጋው ዘንጎቹ ሁለቱም በነጭ ጨርቅ ይጠረጋሉ። አዲስ ጎሚኒ ከተቀባው ዘይት የተነሣ በመጀመሪያው ቀን ስስ ወዝ ቢያሳይ አያስደነግጥም። በሁለተኛው ቀን ጨርቁ ደርቆ ከወጣ የዕቃ ቤቱ ሹም ይፈርማል፤ የበረዶ ሣጥኑም ከሞተሩ ኋላ ይታሰራል።